በሩን የሚከፍት፣ ሞተሩን ግን የማያስነሳ ቁልፍ

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። የ2007 ያሪስ አለችኝ፤ ሰፈር ውስጥ ሁሉም ቪትዝ ነው የሚላት። ስገዛት የተሰጠኝ አንድ ቁልፍ ብቻ ነበር። እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ መርካቶ ሄጄ ሁለተኛ አስቀረጽኩ። አዲሱ ቁልፍ በሩን ይከፍታል። ሞተሩ ግን ይነሳና ወዲያው ቀጥ ይላል። ቀራጩ ጋ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ጥርሱን ደጋግሞ ሞረደው፣ ለውጥ የለም። ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ደግሞ ‹እዚህ ርካሽ ነው፣ ሪሞት ያለው ገዝቼ ልላክልሽ› ይለኛል። ይላክልኝ ወይስ ይቅር? ቁልፍ ይህን ያህል ምን ውስብስብ ነገር አለው?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ ገና ካልገዛ ትንሽ ይቆይ በይው። ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሻለሁ። ቀራጩም ከእንግዲህ ጥርሱን እንዳይነካው። ቁልፉ በሩን ከከፈተ፣ መሪው ጋ ገብቶም ከዞረ፣ ጥርሱ ልክ ነው። የጎደለው ሌላ ነገር ነው። እሱ ደግሞ በሞረድ አይመጣም።

የጎደለው ቺፕ ነው። በዋናው ቁልፍሽ ራስ ውስጥ፣ ፕላስቲኩ መሃል ተቀብሮ ይገኛል። መጠኑ ከሩዝ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። አንዳንዱ ትንሽ የመስታወት ቱቦ ይመስላል፤ አንዳንዱ ጥቁር የፕላስቲክ ቁራጭ ነው። ባትሪ የለውም። ቁልፍ የምታስገቢበት ቀዳዳ ዙሪያ ደግሞ፣ ፕላስቲኩ ሥር፣ የተጠቀለለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አለ። ቁልፉን ስታዞሪ ሽቦው ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ይለቃል። ቺፑ ከዚያው ሞገድ ጉልበት ወስዶ ይነቃና ማንነቱን ይናገራል። የመኪናዋ ኮምፒውተር ካወቀው ሞተሩ መሥራቱን ይቀጥላል። ካላወቀው ነዳጁን ወይም እሳቱን ይቆርጣል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል።

የግቢ ዘበኛ አስቢ። በሩን የሚከፍት ቁልፍ በእጅሽ አለ። ዘበኛው ግን ፊትሽን ካላወቀው ከበሩ አያሳልፍሽም። ያስቀረጽሽው ቁልፍ ዘበኛው የሚያውቀው ፊት የለውም። ባዶ ብረት ነው። ስለዚህ መኪናሽ ተነስታ ወዲያው መጥፋቷ ብልሽት አይደለም፤ እንድትሠራ የተደረገችው እንዲሁ ነው።

ይህን ራስሽ ማረጋገጥ ትችያለሽ። ዳሽቦርዱ ላይ መኪናና ቁልፍ የሚመስል ምስል ያለባት ወይም ዝም ብላ ነጥብ የሆነች ትንሽ ቀይ መብራት ፈልጊ። መኪናዋ ቆማ ቁልፉ ሲወጣ ብልጭ ድርግም ትላለች። ዋናውን ቁልፍ አስገብተሽ ስታዞሪ ትጠፋለች። አዲሱን ስታስገቢ ካልጠፋች ወይም ማብለጭለጯን ከቀጠለች ዘበኛው «አላውቅህም» እያለ ነው። ይህችን መብራት የማያውቅ ሰው የነዳጅ ፓምፕ ያስቀይርሻል፤ ሻማ ያስለውጥሻል። አይቻለሁ። አንድ ደንበኛዬ ፓምፕ ለውጦ፣ ፊውዝ ለውጦ፣ ሞተሪኖ አስፈትቶ ነው የመጣልኝ። ችግሩ ቺፕ የሌለው ቁልፍ ነበር።

ታዲያ የጎረቤትሽ ቪትዝ በተራ ቅርጽ ቁልፍ ለምን ትነሳለች? ይህን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። መልሱ ያለው መኪናዋ መጀመሪያ ለየትኛው አገር ገበያ ተሠራች በሚለው ላይ ነው። አውሮፓ ከ1998 ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ የቤት መኪና ሁሉ ይህ መከላከያ እንዲኖረው በሕግ አስገድዳለች (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን ናቸው)። ኢሞቢላይዘር ይባላል። ከቤልጂየም ወይም ከጀርመን የመጣች ያሪስ ስለዚህ ቺፕ አላት። ከዱባይና ከሌላው የባሕረ ሰላጤ አገር የመጣች ተመሳሳይ መኪና ግን ላይኖራት ይችላል፤ በተለይ ዝቅተኛው ዓይነት ከሆነች። ስሟ አንድ፣ መልኳ አንድ፣ ቁልፏ ግን ሌላ ነው። ያንቺ ከየት እንደመጣች ለማወቅ ከፊትሽ ያለውን የፀሐይ መከላከያ ገልብጠሽ የኤርባግ ማስጠንቀቂያውን አንብቢ። አረብኛ ካለበት ከባሕረ ሰላጤው ነች ማለት ይቻላል። የአውሮፓ ቋንቋዎች ብቻ ከሆኑ ከአውሮፓ ነች። ያንቺ ተነስታ ስለምትጠፋ ቺፕ እንዳላት ከወዲሁ እርግጠኛ ነኝ።

የድሮዋን ዲኤክስ የነዳ ሰው ይህ ሁሉ ግር ሊለው ይችላል። የዲኤክስ ቁልፍ ብረት ነበር፤ ጥርሱ ከገጠመ አለቀ። ጥርሱ ሲበላ ደግሞ የወንድምህ መኪና ቁልፍም ያስነሳት ነበር። ያ ዘመን ያለፈው በምክንያት ነው። በዚያ መንገድ የሚሠራ መኪና በአንድ ካቻቪቴ ይሰረቃል።

አሜሪካ የሆነውን ልንገርሽ። እዚያ እንደ አውሮፓ የሚያስገድድ ሕግ ስለሌለ ከ2011 እስከ 2021 ከተሠሩት የሃዩንዳይና የኪያ መኪኖች ብዙዎቹ፣ ቁልፍ የሚዞርባቸው ርካሾቹ፣ ያለ ኢሞቢላይዘር ተሸጡ። ከ2021 ወዲህ እንዴት እንደሚሰረቁ የሚያሳይ ቪዲዮ በቲክቶክ ተዛመተ። ታዳጊ ልጆች ሳይቀሩ በየከተማው መስረቅ ጀመሩ። ኩባንያዎቹ በ2023 ነፃ የሶፍትዌር ማስተካከያ እስከመስጠት ደረሱ። ያቺ ከሩዝ የማትበልጥ ቺፕ የምትሠራው ሥራ ይህን ያህል ነው። አሁን እያናደደችሽ ያለችው እሷ ናት፤ ሌሊት መኪናሽን የምትጠብቅልሽም እሷው ናት።

ቺፕ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሁልጊዜ ያንኑ ቁጥር የሚናገሩ ነበሩ። ስሙን ብቻ ከሚናገር ሰው ጋር ይመሳሰላሉ፤ ስሙን የሰማ ሌላም ሰው መናገር ይችላል። ቀጥለው የመጡት መኪናው በየጊዜው አዲስ ጥያቄ የሚጠይቃቸው፣ እነሱም በውስጣቸው በተደበቀ ምስጢር አስልተው የሚመልሱ ናቸው። ቶዮታ ብዙ ዘመን የተጠቀመበት ቺፕ ምስጢሩ 40 ቢት ብቻ ነበር (ቢት የምስጢሩ ርዝመት መለኪያ ነው፤ በበዛ ቁጥር መስበሩ ይከብዳል)። በ2005 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ይህን ምስጢር መስበር እንደሚቻል አሳዩ። ከዚያ በኋላ ጠንካራዎቹ መጡ፤ የቅርቦቹ 128 ቢት ናቸው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ቶዮታ ከሆነ የቁልፉ ብረት አንገት ላይ ምልክት ታያለሽ። ነጥብ ካለው ያ 40 ቢቱ ነው። የእንግሊዝኛው ጂ ፊደል ካለው ቀጣዩ ነው። ኤች ካለው አዲሱ ነው። ለአውሮፓ የተሠራውን ግን በምልክት አልፈርድም። ቺፑን በማንበቢያ መሣሪያ ማየት ይሻላል፤ የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ የነገርኩሽ ቁልፍ የሚሠራልሽ ሰው መጀመሪያ ምን መጠየቅ እንዳለበት እንድታውቂ ነው። «ቺፑ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ዋናውን ቁልፍሽን ሳያነብ ሥራ የሚጀምር ሰው ካጋጠመሽ ቁልፍሽን ተቀብለሽ ውጪ።

አሁን ወደ መፍትሔው። አንድ የሚሠራ ቁልፍ በእጅሽ አለ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሥራው በሁለት መንገድ ይሠራል።

አንደኛው መቅዳት ነው። የዋናው ቁልፍ ቺፕ ይነበብና ያንኑ የሚመስል መልስ በሚሰጥ ባዶ ቺፕ ላይ ይገለበጣል። መኪናዋ አትነካም። ኮምፒውተሯም አዲስ ቁልፍ መኖሩን አያውቅም፤ ሁለቱን እንደ አንድ ነው የሚያያቸው። ፈጣንና ርካሽ ነው። ጉድለቱ፣ ከሁለቱ አንዱ ቢጠፋብሽ እሱን ለይቶ መሰረዝ አይቻልም። መንትዮች ናቸው፤ አንዱን ስትከለክዪ ሌላውም ይከለከላል።

ሁለተኛው ማስመዝገብ ነው። አዲሱ ቺፕ የራሱ ማንነት አለው። ባለሙያው መሪው ሥር ባለው መሰኪያ መሣሪያውን ያገናኝና መኪናዋን «ይህም የቤት ሰው ነው፣ እወቂው» ይላታል። ጊዜ ይወስዳል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። እኔ ግን ላንቺ የምመርጠው ይህን ነው። ምክንያቱም መኪናዋን ስትገዢ አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የተሰጠሽ። መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ አንድ ቁልፍ ብቻ ይዛ አልወጣችም። ሌላው የት አለ? አንድ አገር አንድ መሳቢያ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ካንቺ በፊት የነበረው ባለቤት ጋ፣ ወይም ያሻሻጠው ደላላ ጋም ሊሆን ይችላል። ሰው መጠርጠር አልወድም፤ ግን ቁልፍ የሚቆጠር ነገር ነው። በምዝገባ ጊዜ ባለሙያው ኮምፒውተሯ ስንት ቁልፍ እንደምታውቅ ማየት ይችላል። ሁለት ብቻ ቀርተው ሌላው እንዲሰረዝ ጠይቂው። የጠፋው ቁልፍ ከዚያ በኋላ በሩን ይከፍት ይሆናል እንጂ ሞተሩን አያስነሳም።

አንድ ነገር አረጋግጪ። በአንድ ወቅት ቶዮታ ጥቁር ራስና ግራጫ ራስ ያላቸው ቁልፎች አብሮ ይሰጥ ነበር። ጥቁሩ ዋና ነው፤ ሌላ ቁልፍ ማስመዝገብ ይችላል። ግራጫው ለመኪና ጠባቂ የሚሰጥ ነው፤ ሞተር ያስነሳል፣ ሌላ ማስመዝገብ ግን አይችልም። ያለሽ ግራጫው ከሆነ ከመጀመሪያው ንገሪው። ሥራው ይለወጣል፣ ዋጋውም እንዲሁ።

ስለ ጥርሱም አንድ ቃል። ቀራጮች የሚሠሩት አሮጌውን ቁልፍ እያዩ ነው። የአሥር ዓመት ቁልፍ ደግሞ ተበልቷል። ከተበላ ቁልፍ የተቀረጸ አዲስ ቁልፍ የተበላ ሆኖ ነው የሚወለደው። ከዚያ ሌላ ስታስቀርጪ የባሰ ይመጣል። መኪናዋ አዲስ ሳለች ከቁልፎቹ ጋር ቁጥር የተመታባት ትንሽ የብረት ሳህን ትሰጣለች። ከአሮጌ ሰነዶችሽ መሃል ካገኘሻት እንደ ወርቅ ያዢያት። በዚያ ቁጥር ቁልፉ እንደ ፋብሪካው አድርጎ ይቆረጣል። ፎቶ አንሺያት፤ ሳህኗን ግን መኪናው ውስጥ አታስቀምጪ።

ብቸኛው ቁልፍ የጠፋ ዕለት ምን ይሆናል? ለዚህ ነው በዚህ ጉዳይ የምጨቀጭቀው። አንድ ደንበኛዬ ለጥምቀት ጎንደር ሄዶ በሕዝቡ መሃል ብቸኛ ቁልፉን ጣለ። መኪናው ተቆልፎ ቆመ። መሪው ተቆልፏል፤ ስለዚህ መጎተትም አልተቻለም። እኔ ዕቃዬን ይዤ እስክደርስ ሁለት ቀን ሆቴል ከፈለ። በሩን መክፈት ነበረብኝ። ከበሩ ቀዳዳ ጥርሱን አንብቤ ብረቱን መቁረጥ ነበረብኝ። ከዚያ ኮምፒውተሩ የሚያውቃቸውን ቁልፎች ሁሉ እንዲረሳ አድርጌ አዲስ ማስተማር። በእሱ መኪና ዓይነት መሣሪያውን ሰክቶ 16 ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው፤ መኪናው ራሱ ሆን ብሎ የሚያስጠብቀው ጊዜ ነው፣ ለሚቸኩል ሌባ እንዳይመች። በሰላሙ ቀን ከግማሽ ሰዓት የማያልፈው ሥራ ቀኑን ሙሉ በላ። ወጪው ሁለተኛ ቁልፍ ከሚያስወጣው በብዙ እጥፍ በለጠ።

ያንቺ ደግሞ ከዚህም ይብስባታል። በእሷ ዕድሜ ያሉ ብዙ ቶዮታዎች ሁሉም ቁልፍ ከጠፋ በመሰኪያው ብቻ አይታለፉም። ዳሽቦርዱ ተፈትቶ የኢሞቢላይዘሩ ሣጥን ይወጣል። በውስጡ ያለችው የማስታወሻ ቺፕ ትነበባለች፣ ይጻፍባታል፣ ትመለሳለች። እጁ ያልሠለጠነ ሰው ያበላሻታል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ጨርሰሽ «ደሞዝ ስቀበል አሠራለሁ» አትበዪ። በዚህ ሳምንት አሠሪ።

ወደ ወንድምሽ እንምጣ። ሐሳቡ የፍቅር ነው፤ ግን በዚህ መንገድ የተላኩ ስንት ሪሞቶች መሳቢያዬ ውስጥ እንዳሉ ብታይ! ሪሞት በሩን የሚከፍተው በሬዲዮ ነው። የአሜሪካና የጃፓን መኪኖች ሪሞት በአብዛኛው የሚሠራው በ315 ሜጋኸርትዝ ነው። የአውሮፓው በ433 ነው። አንዱ ኤፍኤም ጣቢያ ላይ ተቀምጦ የሌላውን እንደመጠበቅ ቁጠሪው። ወንድምሽ ቨርጂኒያ ውስጥ «ለያሪስ 2007» የሚል ሪሞት ገዝቶ ቢልክ፣ ለአሜሪካዋ ያሪስ የተሠራ ነው። ያንቺ የአውሮፓ ከሆነች ባለሙያው ቀኑን ሙሉ ቢታገል በሩን አይከፍትም። ከስህተት ሳይሆን፣ የሚሰማ ጆሮ ስለሌላት።

ሌላም አለ። ርካሽ የሚባለው ያገለገለ ይሆናል። ተራ ሪሞት ያገለገለም ቢሆን ብዙ ጊዜ ይመዘገባል። አዲስ ዓይነት ቺፕና በኪስ የሚያዘው ስማርት ቁልፍ ግን አንድ ጊዜ ከአንድ መኪና ጋር ከተጋቡ የሚፋቱት በልዩ መሣሪያ ነው፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይፋታም። ስለዚህ ወንድምሽ መግዛቱን ከወደደ ያለሽን ሪሞት ክፈቺና ከውስጥ ወይም ከጀርባው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ፎቶ አንሥተሽ ላኪለት። ከእንግሊዝ ወይም ከጀርመን ሻጭ፣ በ433፣ አዲስ፣ ቁጥሩ ፊደል በፊደል የሚገጥመውን ይፈልግ። እንደዚያ ካልሆነ እዚሁ ሶማሌ ተራ ፈልጎ መግዛት ይሻላል፤ ካልሠራ ዕለቱን ትመልሽዋለሽ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚቀላቅለውን ነገር ላንሳ። ሪሞትና ቺፕ አንድ ካቨር ውስጥ ይቀመጡ እንጂ ሁለት የማይተዋወቁ ነገሮች ናቸው። ሪሞቱ በሩን ይከፍታል፤ ባትሪ ይፈልጋል። ቺፑ ሞተሩን ይፈቅዳል፤ ባትሪ አይፈልግም። የሪሞትሽ ባትሪ ቢሞት መኪናሽ ትነሳለች። ዩቲዩብ ላይ «በሩን ሁለት ጊዜ ክፈት፣ ቁልፉን አስገባ አውጣ» የሚሉ ቪዲዮዎች ሪሞቱን የሚያስተምሩ እንጂ ቺፑን አይደለም። በዚያ ሞክረሽ ካልሆነ መኪናሽ አልተበላሸችም።

ይኸው መቀላቀል አንድ ደንበኛዬን አስለቅሷታል። የቁልፏ ካቨር ተሰነጠቀ። ገበያ ሄዳ የሚያምር አዲስ ካቨር ገዛች። ሻጩ የሪሞቱን ሰሌዳ ከአሮጌው አውጥቶ ወደ አዲሱ አዛወረላት። ጥርሱንም ቆረጠላት። አሮጌውን ካቨር ወረወረው። በሩ ተከፈተ፣ መኪናዋ ግን አልተነሳችም። ቺፑ ከሰሌዳው ተለይቶ በካቨሩ ግድግዳ ላይ በራሱ ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ተጣብቆ ነበር፤ ከካቨሩ ጋር ቆሻሻ ውስጥ ገባ። ከሱቁ የቆሻሻ ጆንያ ውስጥ አንድ ሰዓት ተፈልጎ ተገኘ። ካቨር የምታስቀይሪ ከሆነ ቁጭ ብለሽ እዪ። ቺፑ በዓይንሽ ፊት ሲዛወር ሳታዪ አሮጌው ካቨር ከእጅሽ አይውጣ።

ቺፕ በስልክ ወይም በማግኔት ይጠፋል የሚባለው እውነት አይደለም። ውኃም ብዙ አያስፈራውም። ላንጋኖ ቁልፉን ኪሱ ረስቶ የዋኘ ሰው ሪሞቱ ሞቶበት ቺፑ ግን መኪናውን ሲያስነሳ አይቻለሁ። ግራ የሚያጋባው ሌላ ነው። ሁለት ባለቺፕ ቁልፎች አንድ ማሰሪያ ላይ ካሉ ሁለቱ አብረው ሲናገሩ መኪናው ሊደናገር ይችላል። አልነሳ ካለሽ መጀመሪያ ለብቻው አውጥተሽ ሞክሪ።

ስለ ስማርት ቁልፍ በአጭሩ፤ ነገ ከነገ ወዲያ መኪና መቀየርሽ አይቀርም። እሱ ከኪስ አይወጣም። መኪናው በዙሪያው አጭር ርቀት የሚደርስ ሞገድ እየለቀቀ «ማን ነህ?» ይላል፤ ቁልፉ ከቦርሳሽ ሆኖ ይመልሳል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ማስነሻ ስትጫኚ ሞተሩ ይነሳል። ባትሪው ካለቀ ሰው ይደነግጣል። አያስደነግጥም። ከጎኑ ያለችውን መቆንጠጫ ስትስቢ ውስጡ የተደበቀ ብረት ይወጣል፤ በሩን በእሱ ትከፍቻለሽ። ቶዮታ ከሆነ ፍሬን ረግጠሽ የቁልፉን ዓርማ ያለበትን ገጽ ከማስነሻው ጋር አስነኪ፤ ውስጡ ያለው ቺፕ ያለ ባትሪ ይነበባል። ከዚያ የክብ ባትሪውን ቁጥር አይተሽ፣ ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 ወይም 1632 ነው፣ ያንኑ ግዢ። ፕላስቲኩን ከፍቶ ባትሪውን ከመቀየር ሌላ ምንም አይፈልግም፤ ምዝገባውም አይጠፋም።

የዚህ ቁልፍ ድካም ደግሞ ምቾቱ ራሱ ነው። በ2011 የስዊዘርላንዱ ኢ.ቲ.ኤች. ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ8 አምራቾች 10 ዓይነት መኪኖች ላይ ሙከራ አድርገው ሁሉንም በማቀባበል ዘዴ ከፍተው አስነስተዋል። አንድ መሣሪያ ቁልፉ ያለበት ቤት አጠገብ፣ ሌላው መኪናው አጠገብ ይሆናል፤ ድምፁን ያቀባብላሉ፤ መኪናው ቁልፉ አጠገቡ ያለ ይመስለዋል። ስማርት ቁልፍ ያለው ሰው ሌሊት ቁልፉን መስኮትና በር አጠገብ ባያስቀምጥ፣ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ቢከት ጥሩ ነው።

መርሰዲስ፣ ቢኤምደብሊውና ፎልክስዋገን ላይ ብዙ አልቆይም። ቁልፋቸው በሻንሲ ቁጥር ይታዘዛል ወይም ከሞተሩ ኮምፒውተር ምስጢር አውጥቶ የሚሠራ ሰው ይፈልጋል። በየሰፈሩ የሚሠራ አይደለም። አንድ ቁልፍ ይዞ እነዚህን መንዳት ላንቺ ካልኩሽ በላይ ድፍረት ነው።

የኤሌክትሪክ መኪኖቹን ግን ማለፍ አልችልም። መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደንበኞቼ እየተቀየሩ ነው። ቢዋይዲና የቻይናው ፎልክስዋገን በየመንገዱ ሞልቷል። ብዙዎቹ ከስማርት ቁልፍ ሌላ እንደ ባንክ ካርድ ያለ ካርድ ወይም በስልክ የሚከፈት አሠራር አላቸው። ለቻይና ገበያ የተሠራው መኪና የስልክ መተግበሪያ እዚያው አገር ካለ አካውንት ጋር የተሳሰረ ሊሆን ይችላል። ስትገዢ «በስልክ ይከፈታል» ሲሉሽ እዚያው በራስሽ ስልክ ከፍተው ያሳዩሽ። ካርዱንም ሆነ ቁልፉን ቁጠሪ፤ ሁለት ካልሆነ ዋጋ ቀንሺ። ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የኤሌክትሪክ መኪናም እንደ ነዳጁ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አለው። በር የሚከፍተውና ኮምፒውተሩን የሚያነቃው እሱ ነው። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ትንሹ ቢሞት መኪናው አይከፈትልሽም። «ቁልፌ ተበላሸ» ብለው ከሚደውሉልኝ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች ብዙዎቹ ችግራቸው ይኸው ነው። የተደበቀው የብረት ቁልፍና ቀዳዳው የት እንዳለ መኪናውን የተቀበልሽ ዕለት ፈልጊ።

አንድ ነገር እንዳትሠሪ ልለምንሽ። አንዳንድ ጋራዥ ቺፑን ከዋናው ቁልፍ አውጥቶ መሪው ሥር በፕላስተር ይለጥፍልሻል። ከዚያ ወዲያ ማንኛውም የተቀረጸ ብረት ያስነሳታል። ርካሽ ነው፤ ያስደስታል። ዘበኛውን አስተኝተሽ በሩን ክፍት እንደመተው ነው። ኢሞቢላይዘሩን ከኮምፒውተሩ ማስጠፋትም እንዲሁ። መኪናሽን ወደ ዲኤክስ ዘመን መልሰሻታል፤ ሌባውም ይህን ዘመን በደንብ ያውቀዋል።

ሰው ስትመርጪ ሊብሬና መታወቂያ የሚጠይቅሽን ምረጪ። የሚጠይቅሽ ስለሚጠረጥርሽ አይደለም። ያንቺን ሊብሬ ሳያይ ላንቺ ቁልፍ የሚሠራ ሰው፣ የመኪናሽን ቁልፍ ለሌላም ይሠራል። ዋጋውን በስልክ አልጠራም፤ ዕቃው ከውጭ ስለሚመጣ በየጊዜው ይለዋወጣል። ግን ከመጀመርሽ በፊት ሦስቱን ለየብቻ አስነግሪ፤ የዕቃው፣ የመቁረጡ፣ የምዝገባው። «ካልሠራስ?» ብለሽም ጠይቂ። ሥራው ሲጀመር የመኪናዋ ባትሪ ደካማ ከሆነ ቻርጀር ይሰካበት። ምዝገባ መሃል ላይ ኃይል ሲወርድ ኮምፒውተሩ የጀመረውን ሳይጨርስ ይቀራል፤ ያ ቀን ለሁላችንም ከባድ ነው። ሲጨርስ ሁለቱንም ቁልፎች በየተራ አስገብተሽ አስነሺ፣ አጥፊ፣ እንደገና አስነሺ። ቀይዋ መብራት በሁለቱም ትጥፋ። ከዚያ ክፈዪ።

ያስቀረጽሽውን ባዶ ቁልፍም አትጣይው። ራሱ ውስጥ የቺፕ ቦታ ካለው ባለሙያው እዚያው ቺፕ ሊያስገባበት ይችላል፤ የአንድ ቁልፍ ዋጋ ይቀንስልሻል። ከሌለው እናትሽ ቤት ወይም አንድ የምታምኚው ጎረቤት ጋ አስቀምጪው። ዋናውን ውስጥ ረስተሽ በሩን የዘጋሽ ዕለት መስታወት ከመስበር ያድንሻል። ማንቂያ ደወል ካላት በሪሞት ተቆልፋ በብረት ስትከፈት ልትጮህ ትችላለች፤ አትደንግጪ፣ ገብተሽ ዋናውን ቁልፍ አስገብተሽ አዙሪው፣ ዝም ትላለች።